ጂግሶ ስትገዙ ዋቱን ተዉት

ጥር ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ያለ እንጨት ቤት ሁሉ እንቅልፍ የለውም። ሰርገኛው አልጋ ይፈልጋል፤ ራስጌው ደግሞ ቀጥ ያለ ከሆነ አይወደድም፣ መጠማዘዝ አለበት። ለዚህ ነው ሥራ የጀመሩ ልጆች እየመጡ «ጋሼ፣ የትኛውን ጂግሶ ልግዛ?» የሚሉኝ። ጂግሶ ማለት ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ እንጨት አጠማዝዞ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው።

አብዛኞቹ ሱቅ ገብተው መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋቱን ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ያነብላቸዋል። እኔ ብዙም አላምነውም። ካርቶን ላይ 800 ብሎ መጻፍ ምን ያስወጣል?

ጂግሶ የሚለየው ወፍራም እንጨት ላይ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ዋንዛ ላይ ጠማማ መስመር አስምራችሁ ቁረጡ። ከላይ ስታዩት መስመሩን ይዞ ሄዷል። አሁን ገልብጡት። ቀሺም ማሽን ከሆነ ምላጩ ከታች በኩል ሸሽቶ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስቷል። ስኳድራ፣ ማለትም ባለ ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ፣ ስታስጠጉበት በመሃል ብርሃን ያሳልፋል። ያንን በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ግማሽ ቀን ይበላል፤ ባለሰርጉ ለዚያ አይከፍልም።

ስለዚህ አራዳ ወርዳችሁ ስትገዙ ማሽኑን ከካርቶኑ አውጡት። ምላጭ አስገቡበትና በጣታችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት። ምላጩ ብቻውን ትንሽ ቢለመጥ ችግር የለውም። መያዣው አብሮ ከተወዛወዘ ግን ተዉት። ከምላጩ ጀርባ የምትሽከረከር ትንሽ ብረት አለች፤ ጀርባውን ነክታ መደገፍ አለባት። እግሩን ደግሞ፣ ማለትም እንጨቱ ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን ጠፍጣፋ ብረት፣ የሱቁ መስታወት ላይ አስቀምጡት፤ ከተንገዳገደ ጠማማ ነው። ከስስ ላሜራ የተሠራ እግር አንዴ ከወደቀ በቀላሉ አይቃናም። ሻጩ «ምን ያስነካካሃል» ካለ ጎረቤቱም ይሸጣል።

አንድ የምጠይቀው ቁጥር ግን አለ፤ ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ርዝመት። ደህና የባለሙያ ማሽን ብዙ ጊዜ 26 ሚሊ ሜትር ነው፣ ርካሾቹ 18 ወይም 20 አካባቢ። ረጅሙ ሰጋቱራውን ጠርጎ ስለሚያወጣ ምላጩ ቶሎ አይግልም።

ማሽኑ የልብስ ስፌት ዘር ነው ስላቸው ልጆቹ ይስቃሉ። በፈረንጆች 1946 አልበርት ካውፍማን የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ከሚስቱ ስፌት መኪና ላይ መርፌውን አውልቆ የመጋዝ ምላጭ ገጠመበት። የሚሠራበት ኩባንያ ስኪንቲላ ኋላ ላይ የቦሽ ሆነ። ሚስትየው ምን እንዳለች ግን የነገረን የለም።

ምላጭ ላይ አትቆጥቡ። ጫፉ የቲ ቅርጽ ያለውን የሚይዝ ማሽን ግዙ፣ ምላጩ በየሱቁ ይገኛል። ለወፍራም ጣውላ ጥርሱ ትልልቅ የሆነው፣ ለንጹሕ ቆረጣ ደቃቁ። የተለመደው ምላጭ ጥርሱ ወደ ላይ ስለሚያይ የሚቦጭቀው የላይኛውን ፊት ነው። ስለዚህ ጣውላውን ገልብጣችሁ በጀርባው በኩል አስምሩ። የኩሽና ፎርማይካ ላይ ለሲንክ ስትበሱ ግን መገልበጥ አይመችም። ለዚያ ጥርሱ ወደ ታች የሚያይ ምላጭ አለ። ማሽኑን ወደ ላይ ስለሚገፋው ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ምላጩን ወደፊት የሚያወዛውዘውን ማርሽም ዜሮ ላይ አድርጉት። 3 ቁጥር ለቀጥታና ለፈጣን ቆረጣ እንጂ ለፎርማይካ አይሆንም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «ልላክልህ» ሲል ደስ ይላል። ግን እዚያ የሚሸጠው ባለገመድ ማሽን 120 ቮልት ነው፣ የእኛ ሶኬት 220። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት በጭስ ይሰናበታችኋል። ከላከ አይቀር ባለ 18 ቮልት ባትሪውን ይላክ፣ ቻርጀሩ 220 የሚቀበል መሆኑን አስጠይቃችሁ። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ድሪላችሁ የዚያው ኩባንያ ከሆነ ባትሪውን ይጋራሉ።

ባለገመዱን ከገዛችሁ ሞተሩ ውስጥ እያለቀ የሚቀየረውን ካርቦን አንድ ጥንድ ጨምራችሁ ያዙ። ሞዴሉ ከገበያ ሲጠፋ ካርቦኑም አብሮ ይጠፋል።