አምስት ባቄላ

እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ቼዝ የምንጫወት ሰባት ስምንት ሰዎች አለን። ቦታችን የአንድ ወዳጃችን ሻይ ቤት ጓዳ ናት። ብርዱን ለሚያውቅ አላስረዳም። ጋቢ ተከናንበን ነው የምንጫወተው፤ እንዲያውም እጅን ከጋቢ ለማውጣት መስነፍ ስንቱን ከችኩል ጨዋታ አድኖታል። ባለማዕረግ የለንም። እኔም ከሌሎቹ ትንሽ ቀድሜ ስለጀመርኩ ብቻ ነው አሰልጣኝ የተባልኩት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለመሰሎቼ ነው፤ ሥራ ውሎ ማታ ስልኩ ላይ ለሚጫወት፣ ብዙ ነገር እያወቀ ለሚሸነፍ ሰው።

ያስቸገረኝ ይሄ ነው። ልጆቹ ሊቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ፐዝል፣ ማለትም የቼዝ እንቆቅልሽ፣ ሲፈቱ አንበሳ ናቸው። ሦስት አራት እርምጃ አስልተው፣ ንግሥት ሠውተው ማት ያደርጋሉ። ቦርድ ላይ ሲቀመጡ ግን በአንድ እርምጃ የሚበላ ፈረስ ፊታቸው ተገትሮ ያልፉታል። ስሌት ነው የጎደላቸው ብዬ ፐዝል ጨመርኩባቸው። ፐዝሉ ላይ የባሰ ጎበዙ፣ ጨዋታው ላይ እዚያው ናቸው። ነገሩ እስኪገባኝ ወራት ፈጀብኝ። ለካ ፐዝል ከፍተህ ስትቀመጥ ከባዱ ግማሽ ተሠርቶልሃል፤ "እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ፣ ቁም" ተብለሃል። ጨዋታ ላይ ግን አርባ ጊዜ ብትጫወት አርባውም እርምጃ ሲያዩት መልኩ አንድ ነው፣ ጨዋታውን የሚወስኑት አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው፣ እነሱም ሲመጡ ደወል አይደውሉም።

የነቃሁበትን ጨዋታ ልንገራችሁ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለች፣ ከሁላችንም ታጋሿ። ነጭ ይዛ እየተጫወተች ነው። አንድ ወታደር ትርፍ ስላላት የቀረውን ሩክ ተለዋወጠች። ቦርዱ ላይ የተረፈው ይሄ ብቻ ነው፦ የእሷ ንጉሥ ዲ3 ላይ፣ ወታደሯ ገና ሳይነቃነቅ ኢ2 ላይ፣ የጥቁሩ ንጉሥ ኢ6 ላይ። ተራው የእሷ ነው። ሰዓቷ ላይ 11 ደቂቃ አለ። በሦስት ሰከንድ ወታደሩን ሁለት ቤት ገፍታ ኢ4 ላይ አቆመችው። የጥቁሩ ንጉሥ ኢ5 መጥቶ ፊቱ ተገተረ። አለቀ። ጥቁር እስካልተሳሳተ ድረስ ከዚያ ወዲያ እኩል ነው፣ እኩልም ወጡ።

ወደ ኢ4 መሄድ የነበረበት ንጉሡ ነበር። ንጉሡ እዚያ ቢቆም በሁለቱ ነገሥታት መካከል አንድ ቤት ብቻ ይቀራል፣ ተራው ደግሞ የጥቁር ነው። ጥቁር ከፊቱ ዞር ማለቱ ግድ ነው፤ እሱ በግራ ሲሄድ ነጭ በቀኝ ያልፋል፣ ወታደሩ ከኋላ በእርጋታ ይከተላል። ያሸንፋል። እሷ ግን የገዛ ንጉሧን ቤት በገዛ ወታደሯ ዘጋችው።

ስጠይቃት ሁሉንም ታውቀዋለች። ስሙን ሁሉ ነገረችኝ፣ "ኦፖዚሽን"። ታዲያ ለምን? "እንጃ ጋሼ፣ የሚቀረኝ ወታደሩን መግፋት ነው ብዬ ነዋ።" በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ሳሩ ወታደሩ ስምንተኛው ረድፍ ሲደርስ የሚለወጥባት ንግሥት ናት። ደግሞ ቆም ማለት የነበረባት እዚያ ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት፣ ሩኩን ስትለዋወጥ፣ "ይሄ ከቦርድ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ምንድነው?" ማለት ነበረባት። ሩክ አንዴ ከወጣ አይመለስም። እድለኛ ሆና ልውውጡ ልክ ነበር፣ ግን ያንንም በሦስት ሰከንድ ነው ያደረገችው።

የመጀመሪያ ዘዴዬ አሳፋሪ ነው። ሲጫወቱ ከኋላቸው እየዞርኩ አያለሁ። ወሳኝ ነገር ሲመጣ አልናገርም፣ ቆሜ ግን አያለሁ። ወር ሳይሞላ ሁሉም ተሻሻሉ። በጣም ደስ ብሎኝ ለአንድ ወዳጄ ደውዬ ጉራ ነዛሁ። ከዚያ አንድ እሁድ ከሌላ ሰፈር ልጆች ጋር ግጥሚያ ነበራቸው፣ እኔን ጉንፋን ይዞኝ ቀረሁ፣ እነሱም ተቀጥቅጠው ተመለሱ። ምክንያቱን የነገረኝ ከመካከላችን ባጃጅ የሚነዳው ነው። "አንተ ስትቆም እኮ ጫማህ ዝም ይላል። ያኔ እናስባለን" አለኝ። ቦርዱን ሳይሆን ጫማዬን ሲያነቡ ነው የከረሙት!

ይኸው ሰውዬ ድሮ በደሴ መስመር የአይሱዙ ረዳት ነበር። ያን ቀን ሻይ እየጠጣን ስለ ጣርማበር አነሳ። "ከደብረ ብርሃን ስትወጣ ሜዳ ነው፣ ሜዳ ነው፣ እንቅልፍህ ይመጣል። ዋሻውን ስታልፍ መሬቱ ከእግርህ ሥር ይሸሻል፣ እስከ ደብረ ሲና ቁልቁለት ነው። ሾፌሩ ማርሽ የሚቀንሰው ቁልቁለቱ ውስጥ ከገባ በኋላ መሰለህ? አስቀድሞ ነው። ገብተህበትማ ብታስብ ምን ዋጋ አለው።"

እኔ በሁለት ወር ያላስረዳሁትን በአንድ ስኒ ሻይ ጨረሰው። ወሳኝ ቅጽበት የግድ የተወሳሰበ አቋም አይደለም፣ መንገዱ ሊለወጥ ሲል ነው። ንግሥት ወይም የመጨረሻው ሩክ ሊወጣ ሲል መንገዱ ይለወጣል። መሃል ላይ ያለ ወታደር ሲገፋም ይለወጣል፣ ወታደር ወደ ኋላ አያውቅማ። ንጉሥህ ፊት ያለውን ወታደር ለማንቀሳቀስ እጅህ ሲዘረጋም እንደዚያው። ባላጋራህ ምን አስቦ እንደሆነ ያልገባህን እርምጃ ከሄደም ቁም፤ ይሄን ብዙዎቻችን "ተሳሳተ" ብለን ነው የምናልፈው። ከሁሉም የከፋው ግን ጠጠር በልተህ "አሁንማ አሸንፌያለሁ" ብለህ ወንበሩ ላይ ዘና ያልክ ለታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁላችንም ቃል "ማርሽ" ሆነ።

ግን እነዚህን ምልክቶች ወረቀት ላይ ጽፌ ስሰጣቸው ሌላ ጣጣ መጣ። ሁሉም ነገር ምልክት ሆነባቸው። በየእርምጃው እየቆሙ 20ኛው እርምጃ ላይ ሳይደርሱ ሰዓት ያልቅባቸዋል። አንዱማ ገና ሁለተኛው እርምጃ ላይ አገጩን ይዞ አራት ደቂቃ ተቀመጠ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛው ከጨዋታዎቻችን አሥር አቋም መርጬ ማሳየት ነው። ሰባቱ ምንም የሌለባቸው ተራ አቋሞች ናቸው፣ ሦስቱ ወሳኝ። ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ ብቻ። መልስ አልፈልግም፣ "ቁም" ወይም "እለፍ" ብቻ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ለሁሉም "ቁም" አሉ፤ ፐዝል ያሳደገው ሰው እንዲህ ነው፣ ባዶ አቋም አይቶ አያውቅም። ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው "እለፍ" ለማለት ድፍረት ያገኙት።

ሁለተኛው ባቄላ ነው። የምንጫወተው ለእያንዳንዳችን 25 ደቂቃ ይዘን ነው። ለሁሉም አምስት አምስት ባቄላ አደልኩ። ሦስት ደቂቃ ለማሰብ የፈለገ አንድ ባቄላ ቦርዱ አጠገብ ያስቀምጣል። አምስቱ 15 ደቂቃ ይበላሉ፣ የቀረው አሥር ደቂቃ ለሌላው እርምጃ ሁሉ ይበቃል። ባቄላ ሳታስቀምጥ ረጅም ማሰብ ክልክል ነው። ባቄላ ያስቀመጥክበትን እርምጃ ደግሞ የጨዋታ ወረቀትህ ላይ ታከብበታለህ።

የመጀመሪያው እሁድ ላይ ቆሎ ነው ያመጣሁት፤ አንዱ ሁለቱን ዕድሉን በላ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ነው። ሌላው የገረመኝ፣ ግማሾቹ 12ኛው እርምጃ ሳይደርሱ አምስቱንም ጨረሱ፣ ግማሾቹ ደግሞ አምስቱንም ይዘው ተሸነፉ። "ባለ አምስት ባቄላ" እስካሁን የሰፈራችን ስድብ ነው። ሰውን ግን እንዲህ ያረመ ነገር አላየሁም። ምክር ሲሰጡህ ትረሳለህ፤ ማት ተደርገህ ፊትህ ላይ አምስት ባቄላ ተደርድሮ ስታየው አትረሳም።

ከጨዋታ በኋላ ስልክ ላይ ስቶክፊሽ በሚባለው የቼዝ ፕሮግራም እናየዋለን። እዚህ ላይ እኔም ተሳስቼ ነበር። ኮምፒውተሩ ማን እየመራ እንደሆነ የሚለካው ግራፍ የወደቀበትን እርምጃ ያሳይሃል፣ እኔም "ወሳኙ ይሄ ነበር" እያልኩ አስተማርኩ። ብዙ ጊዜ ግን ግራፉ የሚወድቀው ቁልቁለቱ ውስጥ ከተገባ በኋላ ነው። ዋሻው ሁለት ሦስት እርምጃ ቀድሞ አልፏል፤ ግራፉ ያኔ ንቅንቅ አላለም፣ ምክንያቱም ማሽኑ ከዚያ በኋላ ያለውን ከባድ መንገድ ያለ ችግር ይጫወተዋል፣ እኛ አንችለውም። አሁን የምጠይቀው "የት ተሳሳትክ?" ብዬ አይደለም፤ "ባቄላህን የት ብታደርገው ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር?" እላለሁ።

"ለእኛ ነው እንጂ ለትልልቆቹ አይደርስም" ለሚሉኝ የሶቺውን አሳያቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. 2014፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ ስድስተኛው ጨዋታ፣ ካርልሰን እና አናንድ። 26ኛው እርምጃ ላይ ካርልሰን ንጉሡን ዲ2 አደረገ። ከባድ ስህተት ነው። አናንድ በፈረሱ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ቢበላ ሁለት ወታደር ያተርፍ ነበር። አናንድ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ ይሄ አቋም ፐዝል ተብሎ ቢሰጠው በሰከንድ ይፈታዋል። እሱ ግን የዳሩን ወታደር ወደ ኤ4 ገፋ፣ ጨዋታውንም ተሸነፈ። በራሱ ሐሳብ ተይዞ ነበር፣ ጫማውን ዝም የሚያደርግለት ሰው ደግሞ አልነበረም። ካስፓሮቭንም እጨምርላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. 1997 ላይ ዲፕ ብሉ ከተባለው የቼዝ ኮምፒውተር ጋር ሁለተኛውን ጨዋታ እጁን ሰጠ። በኋላ ሲታይ አቋሙ ንጉሡን በተደጋጋሚ ቼክ እያሉ እኩል የሚወጣበት ነበር። ስለዚህ እኛ ዘንድ እጅ ከመስጠት በፊት አንድ ባቄላ ግዴታ ነው።

በነገራችን ላይ የአያቶቻችን ሰንጠረዥ፣ የድሮው የአገራችን ቼዝ፣ እዚህ ላይ ይበልጠናል። ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው፤ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንዳሻቸው ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ በየተራ ነው። እዚያ ላይ መንገዱ የተለወጠበት ቅጽበት ማንም ሳይነግርህ ይታወቃል። ደግሞ በወረራ ጊዜ ዓይንህ የሌላውን እጅ ካልተከተለ ጉድህ ነው። እኛ የራሳችንን እጅ ብቻ ስናይ ነው የምንበላው።

ባለፈው ልጅቷ ከእኔ ጋር ተጫወተች። በአንድ ወታደር እየመራሁ ነበር። ንግሥት እንለዋወጥ ብዬ አቀረብኩላት፣ ለእኔ ግልጽ ነገር ነው፣ የሚመራ ሰው ይለዋወጣል። እሷ የመጨረሻ ባቄላዋን አወጣችና ቦርዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። እጇን መልሳ ጋቢዋ ውስጥ ከተተች። ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ንግሥቷን ወደ ጎን አሸሸቻት። ያኔም አልገባኝም፣ ወዲያው ቼክ አልኳት። ከአራት እርምጃ በኋላ የእኔ ንጉሥ መድረሻ አጣ።

ማታ ቤት ገብቼ ጃኬቴን ሳወልቅ ከኪሴ ሦስት ባቄላ መሬት ላይ ፈሰሰ።