አንድ ክራይቴሪያ የለም

«ዋናው ክራይቴሪያ የሥራ ልምድ ነው» ቢባል በአማርኛ ማንም አይከፋውም፤ ቃሉን እንደ ነጠላ ለምደነዋል። (መስፈርት እያለ ለምን እንዳስፈለገ ሌላ ጥያቄ ነው።) በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ላይ ግን ያው አባባል ስህተት ይሆናል። ክራይቴሪያ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው ክራይቴሪየን። ፌኖሜናም የፌኖሜነን (የክስተት) ብዙ ነው። ስሙን አስተካክለው ግሱን የሚረሱም አሉ፦ ከክራይቴሪያ ጋር «ኢዝ» ሳይሆን «አር» ይሄዳል።

በግሪክኛ በ«ኦን» የሚያልቅ ግዑዝ ጾታ ስም ሲበዛ መጨረሻው «አ» ይሆናል፤ እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለቱን ከነጠባያቸው ወሰዳቸው። ሁሉንም ግን አይደለም። ስኬለተን (አጽም) እንደ ተራ ስም በኤስ ይበዛል። የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ጆንስተን ስቶኒ በ1891 ስም ያወጣለት ኤሌክትሮንም፣ ፕሮቶንና ኒውትሮንም እንደዚያው። አውቶማተን (በራሱ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ) በሁለቱም መንገድ ይጻፋል።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ይበልጥ የሚሰናከለው በ«ሲስ» በሚያልቁት ነው፦ ቴሲስ፣ አናሊሲስ፣ ሃይፖቴሲስ፣ ክራይሲስ፣ ዳያግኖሲስ። ሲበዙ ከመጨረሻው ኤስ በፊት ያለችው አይ ወደ ኢ ትለወጣለች፤ ሌላ የሚጨመር ፊደል የለም። ለውጡ አንዲት ፊደል ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል፤ ጆሮ ግን ይለየዋል፦ ነጠላው «ክራይሲስ»፣ ብዙው «ክራይሲይዝ»፣ መጨረሻው ረዘም ብሎ በዝ። የቤዝና የቤሲስ ብዙ ቁጥር በጽሑፍ አንድ ዓይነት ነው፤ የቤዝ አጭር «ቤይሲዝ»፣ የቤሲስ ረጅም «ቤይሲይዝ» ተብሎ ይነበባል። ሜትሮፖሊስ መጨረሻው ቢመሳሰልም ከዚህ ቤት አይደለም፤ እንዳለ ሆኖ ኢ እና ኤስ ይጨመርበታል።

ስቲግማ እንደ ትርጉሙ ነው፦ የአበባው ክፍል ሲሆን በኤስ ይበዛል፣ የክርስቶስ ቁስል ምልክቶች ሲሆኑ ስቲግማታ ይባላል። ድራማና ዶግማ በኤስ ብቻ ይጻፉ።

የኦክቶፐስ (የባለ ስምንት እጁ የባሕር እንስሳ) ብዙ ቁጥር ተደርጎ የሚጻፈው «ኦክቶፓይ» የተወለደው በግሪክ ቃል ላይ የላቲን ማብዣ ሲለጠፍ ነው። በግሪክኛው ሕግ ኦክቶፖዲዝ ይሆናል፤ ትክክል ቢሆንም መመጻደቅ ይመስላል። ኦክቶፐሲዝ ይበቃል።

ግእዝ በዚህ አልተቸገረም፤ ዲያቆንንና ኤጲስ ቆጶስን ከግሪክ ተቀብሎ ዲያቆናት፣ ኤጲስ ቆጶሳት ብሎ በራሱ መንገድ አበዛቸው። ግራ የሚጋባው የኛ አማርኛ ነው፦ መጻሕፍት ላይ ኦች ደርቦ «መጻሕፍቶች»፣ ቃላት ላይ ደርቦ «ቃላቶች»። «ክራይቴሪያስ» ብሎ በእንግሊዝኛ የሚጽፍም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የኮምፒውተሩ ፊደል አራሚ «ክራይቴሪያስ»ን በቀይ ያሰምርበታል፤ «ኤ ክራይቴሪያ»ን ግን ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል፣ ሁለቱም ቃላት ለየብቻ ትክክል ናቸውና። ስለዚህ ሰነዱ ከመላኩ በፊት ክራይቴሪያን በመፈለጊያው አስፈልጎ፣ ከፊቱ «ኤ» ወይም «ዚስ»፣ ከኋላው «ኢዝ» ወይም «ዎዝ» አለመኖሩን በዓይን ማየት ነው።