በትለሩን ሥራ ስጡት

ለመርከብ በትለር ስንት ብር ጉርሻ ይሰጣል? ይህን ጥያቄ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ባለች ጠባብ የትኬት ቢሮ ውስጥ እጠየቃለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

የእኛ ሥራ የአውሮፕላን ትኬት ነው። ደንበኛው ዱባይ ይላል፣ ጂዳ ይላል፣ ዋሽንግተን ይላል፤ እኛ ዋጋ እንፈልጋለን። ስለ ኪሎ፣ ስለ ትራንዚት፣ በርበሬ ስለማስገባት ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ውኃ ላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ሐይቁ ላይ ጉማሬ ማየት ያማረው እንግዳ ነው። እሱን ወደ አሞራ ገደል ጠቁመን፣ በጀልባው ዋጋ ቀድመህ ተስማማ ብለን እንሸኘዋለን።

ጋሼ የቡና ነጋዴ ናቸው። አለታ ወንዶ በኩል መፈልፈያ አላቸው፤ ቤታቸው ሐዋሳ ነው። ልጆቻቸው አሜሪካ ናቸው። የወላጆቻቸውን 40ኛ የጋብቻ ዓመት ለማክበር ከማያሚ ተነስቶ ካሪቢያንን ዞሮ የሚመለስ የ7 ሌሊት የመርከብ ጉዞ ከፍለውላቸዋል። ያውም ስዊት፣ ሰፊውና ውዱ ክፍል። ለእኛ የደረሰን የአውሮፕላኑ ክፍል ብቻ ነበር። ቪዛውን ልጆቹ ቀድመው ስለጨረሱት እሱ ላይ አልደከምንም።

ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ትኬት ሊወስዱ ሲመጡ ልጆቹ የላኩትን ወረቀት አትመው ይዘው ነበር። ጋሼ አንዷን መስመር በጣታቸው ጫን አድርገው፣ "ይቺ በትለር የምትለዋ ምንድን ናት?" አሉኝ።

የክፍላችሁ የግል አስተናጋጅ ነው አልኳቸው። ሻንጣ ከፍቶ ልብስ ይሰቅላል። ሸሚዝ ያስተኩሳል። ቁርስ ክፍል ድረስ ያመጣል። ከሰዓት በኋላ ትንንሽ መክሰስ ይዞ ብቅ ይላል። መርከቡ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ጠረጴዛ ይይዝላችኋል። ለእናንተ ብቻ የተመደበ አይደለም፤ ብዙ ስዊቶች አሉት። ግን ስትጠሩት ይመጣል።

እትዬ ሌላውን አልሰሙም። "ልብሴን? ልብሴን ወንድ ልጅ ነው ከሻንጣ የሚያወጣልኝ?"

ጋሼ ደግሞ ቀጥታ ወደ ገንዘቡ ሄዱ። "ስንት እንስጠው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ባልደረባዬ ከጎን ገባ። እሱ ወደ ትኬት ሥራ ከመምጣቱ በፊት ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሠርቷል፤ ስለ ጉርሻ ከእኔ በላይ አውቃለሁ ብሎ ያምናል። "ጋሼ፣ ሰርቪስ ቻርጅ የትም አገር 10 ፐርሰንት ነው" አለ። ስዊቱ ለሁለት ሰው 12,000 ዶላር ነበር። ካልኩሌተር አላስፈለገም። 1,200 ዶላር!

ጋሼ አልደነገጡም። እትዬ ደነገጡ። ዶላር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ እሳቸውም ያውቃሉ። "በሱ ብር ለስንት ለቃሚ ይከፈላል?" አሉ። ጋሼ ግን፣ "ልጆቼ ይህን ያህል ከፍለው እኔ ሰው ፊት አላፍርም" ብለው ስልካቸውን ማውጣት ጀመሩ። ወደ ማን ሊደውሉ እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሯችን አካባቢ ዶላር ያለው ሰው አይጠፋም።

ቆይ ጋሼ፣ እስከ ነገ ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። ማታ ለትልቋ ልጃቸው ጻፍኩላት፤ የመርከቡን የውል ወረቀትና የተከፈለውን ዝርዝር ላከችልኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። መርከቦች በጉርሻ ጉዳይ አንድ ዓይነት አይደሉም። በጣም ውድ የሚባሉት፣ እነ ሲልቨርሲ፣ ሪጀንት ሰቨን ሲስ፣ ሲቦርን፣ ጉርሻውን ከጉዞው ዋጋ ጋር አብረው ነው የሚያስከፍሉት። ሲልቨርሲ ላይ እያንዳንዱ ስዊት በትለር አለው፤ ተሳፋሪው ግን ምንም ጨምሮ እንዲሰጥ አይጠበቅበትም። ከሰጠ ስለደስ አለው ነው። ትልልቆቹና ብዙ ሕዝብ የሚጭኑት መርከቦች ደግሞ በየቀኑ በየሰው ሒሳብ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጭናሉ። እንደ ኩባንያውና እንደ ክፍሉ ደረጃ ቢለያይም በአብዛኛው ከ16 እስከ 25 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ክፍል ለሚያጸዳው፣ ገበታ ላይ ለሚያስተናግደውና ከጀርባ ላለው ሠራተኛ ይከፋፈላል። መጠጥ ስታዝዙ ለብቻው 18 ወይም 20 ፐርሰንት ይታከልበታል፤ ስለዚህ ባሩ ላይ ድጋሚ መስጠት ግዴታ አይደለም።

በትለሩስ? አንዳንዱ ኩባንያ ከዕለታዊው ክፍያ ያካፍለዋል፤ አንዳንዱ አያካፍለውም። ለምሳሌ ኖርዌጂያን የሚባለው ኩባንያ በግልጽ ይናገራል፦ በትለርና ኮንሲየርዥ (የእንግዳን ልዩ ልዩ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ሠራተኛ) የሚያገለግሉት ጥቂቱን ተሳፋሪ ስለሆነ ከጋራው ክፍያ አይደርሳቸውም፤ ደስ ካሰኟችሁ እናንተው ስጧቸው። ስለዚህ "ስንት" ከማለታችን በፊት "የቱ መርከብ፣ ምን ተከፍሏል" ማለት ነበረብን።

የጋሼ መርከብ ከሁለተኛው ዓይነት ነበር። ዕለታዊው ክፍያ በሰው 20 ዶላር፤ ለሁለት ሰው በ7 ቀን 280 ዶላር። ልጆቹ ቀድመው ከፍለውታል። በትለሩ ግን ከዚህ ውስጥ የለበትም።

በማግስቱ ይህንን ስነግራቸው ጋሼ ቅር አላቸው። ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ መጣ። "እንግዲያውስ 280ውን መልሱልኝ ይበሏቸው፤ ጠቅላላውን ለልጁ በእጄ እሰጠዋለሁ። የሰጠሁትን ሰው ዓይኑን ማየት አለብኝ" አሉ። ይቻላል ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ በብዙ መርከቦች ላይ ተሳፋሪ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዶ ዕለታዊውን ክፍያ ማስቀነስ ወይም ማስነሳት ይችላል። ጋሼም ይህንን ከአንድ ዘመዳቸው ሰምተው ነው የመጡት።

ያኔ ባልደረባዬ ነው ያዳነኝ። በ10 ፐርሰንቱ ባይሳካለትም ይህንን ግን ኖሮበታል። "ጋሼ፣ እኔ ሆቴል የጀመርኩት ላውንደሪ ነው" አላቸው። "ምድር ቤት። አንድ እንግዳ ዓይኔን አይቶ አያውቅም። አንሶላውን ግን እኔ ነበርኩ የማጥበው። ወር ሲደርስ ከሰርቪስ ቻርጁ በነጥብ ይደርሰኝ ነበር። እርስዎ ይህንን አስነስተው ለበትለሩ ሲሰጡ፣ ከእኔ ነጥቀው ነው ለእሱ የሚሰጡት።" ጋሼ ዝም አሉ። እትዬ፣ "ይኸው፣ ሰማህ?" አሏቸው። የ280ው ነገር በዚያው ተዘጋ።

ለበትለሩ ስንት የሚለው ቀረ። በእንደዚህ ዓይነት መርከብ ላይ በብዛት ሲመከር የማየው ለክፍሉ በቀን ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው፤ ብዙ ያስቸገረ ይጨምራል፣ ብዙም ያልጠራው ይቀንሳል። ከቲኬቱ ዋጋ ላይ በፐርሰንት ማስላት ለእኔ ትርጉም አይሰጠኝም። ስዊቱ የተወደደው በረንዳው ስለሰፋ ነው። የሚተኮሰው ሸሚዝ ያው ሸሚዝ ነው።

ሌላው ችግር ዝርዝር ነው። እኛ አገር ዶላር የሚይዝ ሰው ድፍን መቶ ነው የሚፈልገው። የአንድና የአምስት ዶላር ኖት ይዘህ ብትሄድ መንዛሪው ፊቱን ያዞርብሃል፣ ወይ ዋጋ ይቀንስብሃል። ጋሼም ኤንቨሎፑን ሙሉ አዲስ መቶ መቶ አድርገውት ነበር። በመቶ ዶላር ኖት እንዴት ተደርጎ ጉርሻ ይሰጣል? ሻንጣ ተሸካሚው "መልስ ስጠኝ" አይባል! ማያሚ ስትደርሱ ልጆቹ በአምስትና በሃያ ይዘርዝሩላችሁ አልኳቸው። መርከቡ ላይም እንግዳ መቀበያው ይዘረዝራል፤ ሌላው ግዢ ሁሉ በክፍል ካርድ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ብቻ ነው።

እትዬ ደግሞ ጀበናቸውን፣ ትንሿን የኤሌክትሪክ ምድጃና ዕጣን ሊጭኑ አስበው ነበር። ማሞቂያ ያለው ዕቃ፣ ሻማና ዕጣን ክፍል ውስጥ ክልክል ነው፤ እሳት መርከብ ላይ ቀልድ አያውቅም። "ታዲያ ምን ዓይነት በዓል ነው?" አሉኝ። የተፈጨ ቡና ይያዙ፣ ፍል ውኃውን በትለሩ ያመጣልዎታል አልኩ። ያመኑኝ አይመስለኝም።

ሄዱ። እኔም ረሳኋቸው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ ሜክሲኮ ወደብ ላይ ወርደው በቴሌግራም ደወሉ። ጋሼ ናቸው። ድምፃቸው የተቸገረ ሰው ነው። "ልጄ፣ ይህ በትለር ምንም አይሠራም።"

አስቸገራችሁ እንዴ? ስል፣ "የለም፣ ልጁ ጨዋ ነው። ፊሊፒናዊ ነው። እሷ ናት የማታሠራው" አሉ። ለካ እትዬ በጠዋት ተነስተው አልጋውን ያነጥፋሉ። መታጠቢያ ቤቱን ይወለውላሉ። ልብሱን ገና ልጁ ሳይመጣ ራሳቸው ሰቅለውታል። በሩን ሲያንኳኳ፣ "ምንም አንፈልግም፣ እግዜር ይስጥልን፣ አረፍ በል" ይሉታል። በምልክት። መክሰስ ሲያመጣ ቁጭ ብሎ አብሯቸው እንዲበላ ይለምኑታል። እሱም በትሕትና እምቢ እያለ ወደ ኋላ ይወጣል።

የጋሼ ጥያቄ ታዲያ፣ "ምንም ላልሠራልን ሰው ስንት ይሰጣል?" የሚል ነበር።

በእርግጥ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ያልጠራው ይቀንሳል ብያለሁ። ግን ይህ ሰው አልሰነፈም፤ በሩ ላይ ነው የሚመልሱት። ከጋራው ክፍያ ድርሻ የለውም። ሌሎቹ ስዊቶች ሲያሠሩት ይሰጡታል፤ የእነ ጋሼ ክፍል ግን በክብር ባዶ እጁን ይሸኘዋል። እትዬ እያዘኑለት ነው፤ እሱ ግን ይህ ሐዘኔታ ኪስ ውስጥ አይገባለትም።

እትዬን አቅርቡልኝ አልኩ። "እትዬ፣ ሥራ ይስጡት።"

"ምን ብዬ ልዘዘው? የሰው ልጅ እኮ ነው፤ እናት አለችው።"

"እናቱም የምትበላው እሱ ሲሠራ ነው። ቡና አላማረዎትም?"

ዝም አሉ። እንዳማራቸው ገባኝ። ፍል ውኃ በማንቆርቆሪያ ይዘዙት፣ ከዚያ ደግሞ የሐበሻ ቀሚስዎን ለእራት ምሽቱ ያስተኩስልዎት አልኳቸው።

ሲመለሱ የነገሩኝን ልንገራችሁ። ውኃው መጣ። ቡናው ተንቆረቆረ፣ ተጠለለ። ልጁ ቆሞ አንድ ሲኒ ቀመሰ፤ በማግስቱ ሳይጠራ ውኃውን በሰዓቱ ይዞ መጣ። ቀሚሱን ሲወስደው እትዬ ልባቸው ቆሞ ነበር፤ ጥለቱን ሳያበላሽ፣ እጥፋቱን ጠብቆ መለሰው። "የእኔ ሠራተኛ እንዲህ ተኩሳልኝ አታውቅም" አሉኝ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጠረጴዛ አስይዘውታል፣ የጋሼን ጫማ አስጠርገውታል፣ ማዘዙን ለምደውታል። እንዲያውም ጋሼ፣ "አሁንማ እኔንም ልታዝዘኝ ይቃጣታል" ብለው አሳቁን።

የሰጡት 140 ዶላር ነው። በቀን 20። በኤንቨሎፕ፣ በመጨረሻው ማታ። ጠዋት አይሆንም ብዬ ነግሬያቸው ነበር፦ የመውረጃው ቀን ጠዋት ትርምስ ነው፣ በትለሩንም ላታገኙት ትችላላችሁ። ትልልቆቹ ሻንጣዎች ደግሞ ማታውኑ ከበር ላይ ይሰበሰባሉ፤ ኤንቨሎፑ ሻንጣ ውስጥ ከገባ አለቀ። ከ140ው ጋር ግማሽ ኪሎ የሲዳማ ቡና ጨመሩለት። ከገንዘቡ ጋር እንጂ በገንዘቡ ፈንታ አይደለም፤ ይህ ልዩነት አለው። በመጨረሻ የሚሞላው የአስተያየት ቅጽ ላይም ልጃቸው በስልክ እየረዳቻቸው ስሙን ጽፈው አመሰገኑት። በስም የተጻፈ ምስጋና ለመርከብ ሠራተኛ አለቃው ጋ የሚቆጠርለት ነገር ነው። ብዙ ተሳፋሪ ግን ይዘለዋል።

ጋሼ አሁን ሐዋሳ ውስጥ የመርከብ አዋቂ ሆነዋል። ላገኙት ሁሉ "በቀን 20 ነው" ይላሉ። በቅርቡ አንድ ጓደኛቸው መጡ፤ ለእሳቸውም ልጃቸው የመርከብ ጉዞ ገዝታላቸዋለች። በጋሼ ስሌት መሠረት ገንዘቡን ዘርዝረው አዘጋጅተዋል፣ ያውም በአምስትና በሃያ። ውሉን ሳየው ግን መርከቡ ጉርሻን ከዋጋው ጋር የሚያካትተው ዓይነት ነው። ተከፍሏል፣ ምንም አይጠበቅብዎትም አልኳቸው።

ደስ አላላቸውም። "መስጠት ክልክል ነው ማለትሽ ነው?"

ክልክል አይደለም። አንዳንዶቹ መርከቦች የሠራተኞች መረዳጃ ፈንድ አላቸው፤ እንግዳ መቀበያው ጋ ይጠይቁ፣ ደስ ያለዎትን እዚያ ያስገቡ አልኳቸው። እሱ ይሻላል አሉና ግማሹን ለዚያ መድበው፣ ግማሹን ለልጅ ልጆቻቸው ልብስ መግዣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።