ባለ ሁለት ሞላዋ ሳይክልና የእማዬ ወስፌ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ያቺ ባለ ሁለት ሞላ ሳይክልህ አለች? ካልፈለግካት ላክልኝ። የኛ ጭቃ ለሷ ምኗ ነው!» ይላል። ብቻዬን ሳቅኩ። እሱ ያኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለነበር አላየም። ሰፈሩ ግን አይቷል፤ እስካሁንም አልረሳልኝም።

ነገሩ የሆነው በ2010 ክረምት ነው። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ሰባት ዓመት ከኖርኩ በኋላ፣ ፓስፖርቱን በያዝኩ በዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ልገባ ነው። ሌላው ሰው ሽቶና ጫማ ሲሸክፍ እኔ ሳይክል በካርቶን አሽጌ ሄድኩ። ሳይክል ወደ ባሕር ዳር መውሰድ ቡና ወደ ዘጌ እንደመውሰድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን የመጣብኝ አምሮት ሌላ ነው። አስተማሪውም፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛም፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናትም ሳይክል በሚነዱበት ከተማ፣ በሰዓት እየተከራየ ያደገ ልጅ ምን ይዞ ቢመለስ ይታያል? ማንም የሌለውን ሳይክል!

የኔዋ ፊትም ኋላም ሞላ አላት። የኋላው እንዲሠራ ቴላዮዋ (የብረት አካሏ) አንድ ወጥ አይደለም፤ እንደ በር በማጠፊያ የተያያዘ ነው። በየማጠፊያው ውስጥ ኩሽኔታ አለ፤ በሁለት ቀለበት መሃል ኳሶች የሚዞሩበት ማለት ነው። የኔዋ ላይ አሥር ናቸው። አሥር መሆናቸውን ያወቅኩት ስገዛት አይደለም። አንድ በአንድ ሲወጡ ነው፣ ያውም ሰው ከብቦ እያየ።

ከካርቶኑ ካወጣኋት ቀን ጀምሮ ጭቃ እንዲታይባት አልፈለግኩም። ሐምሌ ነው፤ ጭቃ ደግሞ በየቦታው ነው። ስለዚህ በየማታው ላቫጆ እወስዳታለሁ። ልጆቹ ባጃጅ በሚያጥቡበት ግፊት ውኃ ይለቁባታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ «እዚህ ጋ፣ ማጠፊያዋ ጋ ጨምርበት» እላለሁ። ስኮትላንድም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር የማደርጋት፤ ከጫካ በወጣሁ ቁጥር በግፊት ውኃ። ታበራ ነበር በእውነት።

ነሐሴ 16 ቀን እማዬ «ጧፍና ዕጣን ይዘህ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመህ ና» አለችኝ። ሰው በጀልባ ይሄዳል። እኔ ግን በሳይክል እሄዳለሁ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። የዘጌን መንገድ በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጀመሪያ «ጢጥ» አለች። ዝም አልኳት። ቀጥሎ ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር «ጢጥ-ጓ! ጢጥ-ጓ!» ማለት ጀመረች። መንገድ ዳር የምትግጥ ላም ቀና ብላ አየችኝ። በኋላማ የኋላ ጎማዬ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር።

ይሄኔ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ከኋላዬ መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከኋላ ጆንያ አስረው፣ በዚያችው እኔ አንደኛ ክፍል ሳለሁ በማውቃት ፊኒክስ ሳይክላቸው። ድምፅ የሚባል የላትም። ጎኔ ሲደርሱ ቀስ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ጫጩት ይዘህ ነው እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ኩሽኔታዋ ነው መሰለኝ።»

«እንግዲህ እግዜር ይማራት» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ሳይቸኩሉ!

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ደረስኩ። የተመለስኩት በጀልባ ነው፣ ሳይክሌን እንደ በግ አቅፌ።

በማግስቱ ሰፈራችን ውስጥ ላስቲክ ወጥሮ ሳይክል የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኳት። ሰው ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ስንት ናት?» ግማሹን ዋጋ ነገርኳቸው። ግማሹም አስጮኻቸው። ልጁ የመጀመሪያውን ቡሎን ሲያወጣ የሻይ መልክ ያለው ውኃ ፈሰሰ። ዝገት ነው። ከአሥሩ ፔዳሉ አጠገብ ያሉት ታችኞቹ አራቱ ሞተዋል። የኋላ ጎማ ጭቃውን የሚረጨው እነሱ ላይ ነዋ። ሌሎቹን በጣቱ ሲያዞራቸው አሸዋ እንዳለበት ጤፍ ይንኮሻኮሻሉ።

«ጋሼ፣ የኛ ሳይክል ኳሱ ልቅ ነው» አለኝ። ጋሼ ያለኝ እሱ ነው፤ በአሥር ዓመት እንኳ አልበልጠውም። «ትፈታለህ፣ በናፍጣ ታጥባለህ፣ ግሪስ ትሞላለህ፣ አበቃ። ይሄኛው የታሸገ ነው። ውኃ ከገባበት መውጫ የለውም።» ከዚያ ዞር ብሎ «ቤታችሁ ወስፌ አለ?» አለኝ። የእማዬን የስፌት ወስፌ ሮጬ አመጣሁ። በጫፉ የኩሽኔታውን ጥቁር የላስቲክ ክዳን ሳይቀደድ ፈልቅቆ አነሳው። በናፍጣ አጠበው፣ አደረቀው፣ ግሪስ እስከ አፉ ሞላው፣ ክዳኑን መለሰው። ስድስቱን እንዲህ አዳናቸው። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ። ይሄ ይቻላል ያለኝ ሰው አልነበረማ።

የአራቱ ቁጥር 6902 ነው። ቀዳዳው 15፣ የውጭ ስፋቱ 28፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ባሕር ዳር ያገኘነው የባጃጅና የሞተር ብቻ ነው፤ ይሄን የመሰለ ስስ የለም። በመጨረሻ ዘመድ አዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ፈልጎ በአውቶቡስ ላከልን። እኔ መዶሻ ሳነሳ ልጁ ቀማኝ። «በመዶሻ ካስገባኸው ዛሬውኑ ገደልከው» ብሎ በሞርሳ (ብረት መጭመቂያው) እና በልኩ በሆነ ቡሶላ (ክብ የቡሎን መፍቻ)፣ የውጩን ቀለበት ብቻ እየተጫነ ቀስ አድርጎ አስገባው። የውስጡን ቀለበት ከገፋህ ግፊቱ በኳሶቹ ላይ ነው የሚያልፈው።

ትልቁ ውርደት ገና ነው። የሰፈር ሕፃናት የወጡትን አራት ኩሽኔታዎች ለጋሪ ለመኑኝ። ሰጠኋቸው፤ ደስም አለኝ፣ እኛም እንዲሁ ነበርን። አሥር ደቂቃ ሳይቆዩ ተመለሱ። ትንሹ እጁን ዘርግቶ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይዞርም» አለና እጄ ላይ አራግፎልኝ ሄደ። የስኮትላንድ ኩሽኔታ ለባሕር ዳር የልጅ ጋሪ ሳይበቃ ቀረ! ሰፈሩ እስካሁን የሚስቀው በዚህ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ነገሩን አጣራሁ። የጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ኳሶቹ ግሪሱን በየቦታው ያዳርሱታል። የማጠፊያ ኩሽኔታ ግን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኳሱ ሁልጊዜ ያንኑ ቦታ ይደበድባል። ግሪሱ ከሥሩ ሸሽቶ አይመለስም። ውኃ ከገባም እዚያው ተኝቶ ያዝገዋል። የላስቲክ ክዳኑ ደግሞ የተሠራው ለሚረጭ ጭቃ እንጂ ለላቫጆ ግፊት አይደለም። ሳይክሌን የገደላት የዘጌ ጭቃ መስሎኝ ነበር። ጭቃው አልነበረም። በየማታው «እዚህ ጋ ጨምርበት» ስል የነበርኩት እኔው ነኝ።

ዝናብስ? ሰው ስኮትላንድ ከኛ የባሰ ይመስለዋል። በዓመት ሲደመር ግን ባሕር ዳር ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ያገኛል፤ ግላስጎው ከዚያ ያንሳል። ልዩነቱ የኛው ከግማሽ በላይ በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ማለቁ ነው። መስከረም ከጠባ ፀሐዩ ሁሉንም ያደርቃል። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ያካፋል፤ ሳይክልህ ደርቃ አታውቅም። በብርዱ ወራት ደግሞ መንገዱ እንዳይንሸራተት ጨው ይበትኑበታል። ጨውና ብረት እንዴት እንደሚዋደዱ ታውቃላችሁ። በዚያ ላይ ሱቁን ዋስትና ስትጠይቁት «ኩሽኔታ የሚያልቅ ዕቃ ነው» ይላችኋል። አንዱ ሱቅ አሥሩን ለመቀየር 180 ፓውንድ ጠየቀኝ፣ የጉልበት ብቻ! የባሕር ዳሩ ልጅ 200 ብር ነው ያለኝ፤ ስጨምርለትም ተሽኮርምሟል።

እና የአክስቴ ልጅ፣ አንተም ሌሎቻችሁም፣ «መጥቼ በሳይክል ምግብ አደርሳለሁ» የምትሉ ሁሉ ስሙኝ። ባለ ሁለት ሞላ እንዳትገዙ። ለከተማ ሥራ ያለ ሞላ ወይም የፊት ሞላ ብቻ ያላት ትበቃለች። ማታ በባልዲና በጨርቅ ጥረጓት፤ ግፊት ያለው ውኃ አታስነኳት። የሥራ ፈቃድ ወረቀት ሳይኖራችሁ በሰው የምግብ ማድረሻ አካውንት አትሥሩ፤ ስትያዙ አካውንቱን ያከራያችሁ አያውቃችሁም። ሳይክል መጠገን የሚችል ደግሞ ከመምጣቱ በፊት እንግሊዝኛውን ያጥብቅ። ያ ልጅ ግላስጎው ቢሆን እኔ እሱ ጋ ተቀጥሬ በሠራሁ ነበር። እሱ ግን ደጋግሜ ብለምነው «ክረምቱ ጠፍ ነው፣ ከመስከረም በኋላ ግን ሥራዬ ብዙ ነው፣ የት እሄዳለሁ» አለኝ።

አሁን አዲስ ኩሽኔታ ስገዛ ሳላስገባው በፊት ክዳኑን እከፍታለሁ። ከፋብሪካ የሚመጣው ግሪስ ትንሽ ነው፤ ፈጥኖ ለሚዞር ነገር ታስቦ ነው። ማጠፊያው ግን ስለማይዞር ውኃ የማያሳልፍ ግሪስ ጢም አድርጌ እሞላዋለሁ። እንዲህ ካደረግኩ ወዲህ ከሁለት ዓመት በላይ ይቆዩልኛል። የምከፍተው በወስፌ ነው። የእማዬ ነው፣ ሳላስፈቅዳት ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼው የመጣሁት።

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ጠረጴዛዬ ላይ አየችው። ዝም ብላ ቆየችና «አንተ! ስፌት ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ። ኩሽኔታ እንደምከፍትበት ነገርኳት።

«ታዲያ ግሪሱን ጥረግና መልስልኝ» አለች። «መሶቤ ሳያልቅ ስድስት ዓመቱ።»