ታኅሣሥ 28 የእኔም ቀን ነው

ልደቴ ታኅሣሥ 28 ነው። ቀኑን ስናገር ሰዎች ቶሎ የሚሉኝ "ውይ ታድለሽ! ከገና ጋር!" ነው። ከልባቸው ነው የሚሉት። እኔም ገናን እወዳለሁ፣ ከዓመቱ በዓላት አንዱን ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ግን የበዓል ዋዜማ የተወለደ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው የሚተርፍ ጊዜ የለም።

እስቲ የገናን ዋዜማ አስቡት። ሽንኩርቱ ከጠዋት ጀምሮ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ የሁሉም ዓይን ይቀላል። ዶሮው በየብልቱ ይወጣና ውኃው ጥርት እስኪል በሎሚና በጨው ይታጠባል። ቁሌቱ ከምሳ ሰዓት አንስቶ ይንተከተካል። አንዱ ቄጠማ ፍለጋ ወጥቷል፣ አንዱ ስለ ቅርጫው በስልክ ይጨቃጨቃል፣ አንዷ የሁሉንም የሀገር ልብስ ትተኩሳለች። ማታ ለቅዳሴ የሚሄደው ይሄዳል፣ የቀረው ድስቱን ይጠብቃል። ጾሙም ገና አልተፈታም፤ ስለዚህ ኬክ ቢገኝ እንኳ እንቁላልም ወተትም ቅቤም የሌለው የጾም ኬክ ነው። (አሁን አሁን በጣም ጥሩ አድርገው የሚሠሩት አሉ፣ የጾም ኬክን የምታጣጥሉ እንደገና ሞክሩት።)

የእኔ ነገር ደግሞ ትንሽ ይወሳሰባል። የተወለድኩት በ1980 ዓ.ም. ነው። እናቴ "የገና ዕለት ነው የወለድኩሽ" ትላለች፣ የልደት ካርዴ ታኅሣሥ 28 ይላል፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ገና 29 ነው ብለው ያስተምሩናል። ልጅ ሆኜ ከሁለት አንዳቸው ተሳስተዋል ብዬ አስብ ነበር። አባቴ ነው አንድ ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ። ከጌታ ጽንሰት፣ ከመጋቢት 29፣ እስከ ልደቱ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል። ጳጉሜ 6 ቀን የሆነች ጊዜ አንድ ቀን ስለሚጨመር፣ ቁጥሩ እንዳይዛነፍ በቀጣዩ ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ወደ 28 ይመጣል። 1980 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። 2016ም እንደዚያው ነበር፣ ቀጣዩ 2020 ነው። (ጥምቀት ግን ከጥር 11 ንቅንቅ አይልም።)

እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ዓመት ዋዜማው ላይ ነኝ፣ በአራተኛው በዓሉ ራሱ ላይ። በፈረንጆቹ ከቆጠርን ደግሞ የተወለድኩት ጃንዋሪ 7 ስለሆነ ሁልጊዜም ገና ላይ ነኝ። ፌስቡክ ልደቴን የሚያስታውሳቸውም በዚያ ቀን ነው፣ ሰው ሁሉ የበዓል መልእክት በሚላላክበት ሰዓት። "እንኳን አደረሰሽ፣ ልደትሽም ነው አይደል? በዚያው መልካም ልደት!" የሚል መልእክት ይመጣል። ያቺን "በዚያው" አልወዳትም።

ልጅ ሆኜ ቅር የሚለኝ በልብስ ነበር። ለገና ለሁላችንም አዲስ ልብስ ይገዛል። የእኔ ሲሰጠኝ "የልደትሽም ነው" ይባላል። ግንቦት የተወለደው ወንድሜ ግን ገና ላይም ይገዛለታል፣ ግንቦት ላይም አንድ ነገር ያገኛል። ቤተሰቦቼን አልወቅስም። የበዓል ሰሞን ኪስ ምን እንደሚመስል ዛሬ ራሴ ቤት እያስተዳደርኩ አየዋለሁ። ልጅ ግን ይቆጥራል፣ ባይናገርም ይቆጥራል። ትልቅ ከሆንኩ በኋላም አንድ ዓመት ስሜ እንዲጻፍበት ኬክ አዝዤ፣ ሳጥኑ ሲከፈት "መልካም የገና በዓል" ብቻ ተጽፎበት አገኘሁት። ኬክ ቤቱ በዚያን ቀን የሚያወጣው ሁሉ እንደዚያ ነበር። ሌላ ለማሠራት ጊዜ አልነበረም። በጣም ነው የከፋኝ።

እናቴ ግን አንድ ነገር ታደርግልኝ ነበር። ለበዓሉ ድፎ ከተቦካው ሊጥ አንድ እፍኝ ታህል ትቀንስና ጥቁር አዝሙድ ትነሰንስባታለች፣ እንደምወደው ስለምታውቅ። ከዚያ በቁራጭ ኮባ ጠቅልላ፣ በትንሽዬ ድስት፣ ከትልቁ ድፎ በፊት ትጋግራታለች። ዳቦዋ ስትወጣ ጠርዟ ትንሽ አረር ብሏል፣ የኮባው መስመር ጀርባዋ ላይ ታትሟል። መብራት ሲጠፋ ከምናበራው ሻማ ቁራጭ መሐሏ ላይ ትሰካና "ኑ እስቲ አንድ ጊዜ! ሁላችሁም!" ብላ ወደ ማድ ቤት ትጣራለች። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት አክስቶቼ፣ ከበር ላይ አባቴ፣ ወንድሞቼ፣ ለእርዳታ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ፣ ሁሉም ያጨበጭቡልኛል፣ ይዘፍኑልኛል። ሻማውን እፍ እላለሁ። ወዲያው ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል። ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው። ለእኔ ግን ሙሉ ልደት ነበር። ያ ዳቦ የበዓሉ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ ለማን እንደምቆርስም የምወስነው እኔ ነበርኩ።

ለዚህ ነው "ከበዓሉ ጋር አብረን እናክብረው" የሚለው ሐሳብ የማይዋጥልኝ። ትልቅ ድግስ አልጠየቅንም። ለብቻው የሆነ አንድ ነገር ነው የጠየቅነው። ላሊበላን ተመልከቱ። በትውፊቱ ንጉሥ ላሊበላም የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው፣ ስለዚህ እዚያ ገና ድርብ በዓል ነው። በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ"ን ሲያሸበሽቡ፣ ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ምእመን የጌታን ልደት ሲያከብር፣ የንጉሡም ልደት አብሮ ይነሳል። ከጌታ ልደት ጋር ስለገጠመ አልተረሳም። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የአንድ ሰው ልደት ቦታ ካገኘ፣ በእኛ ሳሎንማ እንዴት ያቅተናል?

አሁን ይህን ሁሉ የምጽፈው በወንድሜ ልጅ ምክንያት ነው። የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 2011 ነው። ቀኗ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። 2015 ላይ መጥቶላት ነበር፣ ቀጥሎ ያለው 2019 ነው። በመሐል ባሉት ዓመታት ወንድሜ "ያው በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው፣ መስከረም 1 ላይ አንድ ላይ እናድርገው፣ ዘመድም ተሰብስቦ ይገኛል" ይላል። ነገሩ ያመቻል፣ አልክድም። ግን መስከረም 1 ልጅቷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ልጆች ጋር አደይ አበባ ይዛ በየቤቱ ስትዘፍን የምትውልበት ቀን ነው። የሁሉም ልጆች ቀን ነው። የእሷ ብቻ የሆነ ቀን እፈልግላታለሁ።

ስለዚህ ከወንድሜ ጋር ተነጋገርን፣ ትንሽም ተከራከርን፣ ሚስቱ በእኔ በኩል ቆመች። ጳጉሜ 6 በሌለችበት ዓመት ጳጉሜ 5 ከሰዓት በኋላ የእሷ ነው። ዳቦውን እኔ ነኝ ጋግሬ የማመጣው፣ ጥቁር አዝሙድ አትወድም፣ ዘቢብ ነው የፈለገችው። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ የሚሠራ ሰው ካለ ሽንኩርቱን ጠዋት ይጨርስ።