ከመርጨት በፊት መልቀም

ቢሾፍቱ አካባቢ ያለ የቲማቲምና የኪያር ግሪንሃውስ ኃላፊ ሆኜ ስገባ ዓይኔ ያረፈው ዱቄቱ ላይ ነው። ቲማቲሙ ከዘለላው ጋር በሚያያዝበት ጎድጓዳ ቦታ ቢጫ ቢጫ የሚል ነገር ደርቆ ተቀምጧል። ለቃሚዋ በጨርቅ እየጠረገች ሳጥን ውስጥ ትደረድራለች። ለምን እንደምትጠርግ ጠየቅኳት። «ጋሼ፣ ካልተጠረገ ነጋዴው አይወስድማ» አለችኝ።

ዱቄቱ ማንኮዜብ የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ነው። ያኔ በየሳምንቱ ይረጭ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይለቀም ነበር። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ስለ መጠኑ ብቻ ይከራከራል፤ እኔ እንዳየሁት ግን ግሪንሃውስ ውስጥ ትልቁ ጣጣ የርጭቱና የለቀማው ቀን መጋጨት ነው። ደጅ ቢሆን ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይም ይሰባብረዋል። ላስቲክ ስር ዝናብ የለም፣ የፀሐዩም ጨረር በከፊል ይቀራል፣ ስለዚህ የተረጨው ቶሎ አይለቅም።

መጀመሪያ የቀየርኩት ቅደም ተከተሉን ነው። የደረሰው ሁሉ ጠዋት ይለቀማል፣ ማታ ይረጫል፣ የተረጨው መስመር ላይ ቀይ ሪባን ይታሰራል። ሪባኑ የሚፈታው የመድኃኒቱ መለያ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ ተብሎ የተጻፈው ቀን ሲያልቅ ብቻ ነው። ቲማቲም ይህን ይችላል። ኪያር ግን አይጠብቅም፤ ትንሽ ከቆየ ወፍሮ ገዢ ያጣል። ስለዚህ ኪያር ላይ ረጅም ቀን የሚጠይቅ መድኃኒት ጭራሽ ተውን። ቅጠል ላይ ነጭ ዱቄት ለሚመስለው የአመዳይ በሽታ ድኝ እንጠቀማለን፣ እሱንም ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት ሰዓት አንነካውም፣ ቅጠል ያቃጥላል።

ርጭቱን ራሱን የቀነሰልን አየር ነው። አንዳንዱ ምች አንዳንዱ ዋግ የሚለው የቲማቲም በሽታ፣ ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ካልቆየ አይዝም። ጠዋት የጎን ላስቲኩን ቶሎ መግለጥ፣ የታች ቅጠሎችን መቁረጥ፣ ውሃ በጠብታ ብቻ መስጠት፤ በቃ ይኸው ነው። አሁን የምንረጨው ቅጠል አይተን እንጂ ቀን ቆጥረን አይደለም።

ለዚሁ በሽታ የሚረጨውን፣ ሜታላክሲል የሚባል ንጥረ ነገር ያለበትን መድኃኒት ደግሞ ደጋግሞ መርጨት አይገባም። ተክሉ ውስጥ ስለሚገባ ማጠብም መጥረግም አያወጣውም። በሽታውም ይለምደዋል፤ አየርላንድ ውስጥ ድንች ላይ ይህ የታየው ገና በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

የመድኃኒት ቅሪት ለማስመርመር ላቦራቶሪ ለመላክ ያሰባችሁ፣ ናሙናው ላይ ተጠንቀቁ። ከተለያየ ተክል ቢያንስ 10 ፍሬ፣ ክብደቱም ከ1 ኪሎ ያላነሰ ውሰዱ። አትጠቡት፣ አትጥረጉት፣ በተለይ ደግሞ አትክተፉት። ማንኮዜብ ከቲማቲሙ ጭማቂ ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይፈርሳል፣ ውጤቱም ንጹሕ መስሎ ይመጣል። ያ ደግሞ ካለመመርመር ይብሳል። አፈሩን ከአንድ ጥግ ሳይሆን ከብዙ ቦታ ወስዳችሁ ደባልቁ።

ስለ አፈሩ ብዙ ሰው የሚፈራው ማንኮዜብን ነው። ማንኮዜብ አፈር ውስጥ በቀናት ይፈርሳል፤ የሚያሳስበው ሲፈርስ የሚተወው ኢቲዩ የሚባል ነገር ነው፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የማንኮዜብን ፈቃድ አላድስም ብሏል። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አያደርግም» እየተባለ ይሸጣል። መዳብ የብረት ዓይነት ነውና አይፈርስም፣ የተረጨው ሁሉ እየተደራረበ ላይኛው አፈር ላይ ይቀራል፣ የምድር ትሉን ያባርራል። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለአንድ ሄክታር በ7 ዓመት ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ አይፈቀድም። እኛ ጋ ከኔ በፊት ስንት እንደተረጨ የሚናገር መዝገብ አልነበረም። አሁን እያንዳንዱ ርጭት ስሙ፣ መጠኑ፣ መስመሩና ቀኑ በር ላይ በተሰቀለው ደብተር ይጻፋል፤ ለቃሚዎቹም መስመር ከመግባታቸው በፊት ደብተሩን ያያሉ።