የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ከእናቴ ቡሃቃ አገኘሁት

ሦስተኛው ርእሴም ተመለሰ። መምህሬ ከርእሱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ይህን በምን ትለኪዋለሽ?»

የመጀመሪያው ርእሴ የአየር ንብረት ለውጥ በብዝኃ ሕይወት ላይ ስለሚያደርሰው ተጽዕኖ ነበር። ሁለተኛው ስለ ካንሰርና ዘረ መል፣ ሦስተኛው ደግሞ መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች። ሦስቱንም የመረጥኳቸው ትልቅ ስለሆኑ ነው። ባዮሎጂ ካጠናሁ አይቀር ዓለም የሚነጋገርበትን ጉዳይ ልጻፍ ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ሰው የጻፈውን ስጨምቅ ከረምኩ። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ እኔ ያየሁት ነገር አልነበረም፤ እኔ የጠየቅሁትም አልነበረም።

ቢሯቸው ስገባ መምህሬ ስለ ርእሴ ምንም ሳይሉ የአክሊሉ ለማን ታሪክ ያነሡልኝ ጀመር። ስማቸውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳዩት ሳይንቲስት ናቸው። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ። መነሻው ይኸው ነው። መምህሬ «እንዶዱን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል» አሉኝ፤ «ቀንድ አውጣውንም እንደዚሁ። እሳቸው ግን ሁለቱን አንድ ላይ አዩአቸው። አንቺ በየቀኑ እያየሽ ያለፍሽው ምን አለ? እሱን ይዘሽልኝ ነይ።»

ቅር ብሎኝ ወጣሁ። ያን ጊዜ ርእስ እንዲሰጡኝ ነበር የምፈልገው።

የኅዳር ብርድ ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ሌሊት ሣሩ ላይ አመዳይ ይወርዳል። ቤት በገባሁበት ማታ እናቴ ሊጥ አቡክታ፣ ቡሃቃውን ወደ ምድጃው አስጠግታ፣ የአባቴን አሮጌ ጋቢ ስታለብሰው አየኋት። ጋቢውን እንደ ሕፃን መጠቅለያ ከሥሩ ሸጎጥ ሸጎጥ አደረገችው። ይህን በልጅነቴ ስንት መቶ ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። በማግስቱ ድሬዳዋ ያለችው አክስቴ ደወለችና በወሬ መካከል እናቴ «ሊጡን ብርድ መታብኝ፤ ሦስተኛ ቀኑ ነው ገና አልቦካም» አለቻት። አክስቴ ሳቀች፦ «እዚህማ ማታ ያቦካሁት በማግስቱ ካልተጋገረ ኮምጥጦ አይበላም!»

ስልኩን ከእናቴ እጅ ተቀብዬ አክስቴን ያልጠየቅኋት ነገር አልነበረም። ጤፉ ከየት ነው? እርሾ ስንት ጣሳ ትጨምሪያለሽ? ውሃው ለብ ያለ ነው? አክስቴ «ልጄ፣ ደህና ነሽ ግን?» እስክትለኝ ድረስ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገረኝና ከሁሉ ይበልጥ የተማርኩበት ነው። ማስታወሻዬ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት «እርሾ» የሚል አንድ ቃል ነበር። ይህ ርእስ አይደለም፤ ዕቃ ነው። በማግስቱ «በእርሾ ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ተሕዋስያን» አልኩት። ይህ ሥራን ይመስላል፤ ግን ተሕዋስያኑን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል መሣሪያም ገንዘብም አልነበረኝም፤ የመምህሬ ቀይ እስክሪብቶ ታወሰኝ። ቀጥዬ «ቅዝቃዜ በሊጥ መቡካት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ብዬ ጻፍኩ። ተሻለ፤ ግን «ተጽዕኖ» የሚለው ቃል ደብቆኛል። ሦስቱም የተመለሱ ርእሶቼ ውስጥ ይኸው ቃል ወይም ዘመዱ ነበረበት። ምን እንደምጠይቅ ሳላውቅ ሲቀር የምሸሸግበት ቃል ነበር። አራተኛው ቀን ላይ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ዓረፍተ ነገር ወጣልኝ፦ እርሾ መጨመር የብርዱን መዘግየት ያካክሳል ወይስ አያካክስም?

ይህን ስጽፍ ልቤ መታ። መልሱ «አዎ» ቢሆን እናቴ እርሾ ጨምራም ሦስት ቀን መጠበቋ ለምን ነው? «አይ» ቢሆን ደግሞ እርሾው ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ወደየትም ቢያጋድል ማወቅ የምፈልገው ነገር ነበር። ዛሬ ርእስ የሚያማክረኝ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱን ከወዲሁ ካወቅኸው፣ ወይም የትኛውም መልስ ቢመጣ ካልገረመህ፣ ተወው እለዋለሁ።

ጥያቄውን ከያዝኩ በኋላ ማንበብ ራሱ ሌላ ነገር ሆነ። በፊት ሳነብ የምፈልገው የምጠቅሰው ነገር ነበር፤ አሁን የምፈልገው መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ሊጡ ውስጥ ተሕዋስያኑ ተራ በተራ እንደሚሠሩ አስተማረኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚባዙት ባክቴሪያዎች ሊጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ ይሸነፉና ላክቲክ አሲድ አምራቾቹ ቦታውን ይረከባሉ። ከሁሉ ይበልጥ ያበረታኝ ግን ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የእርሾ ጥናት ነው። ናሙናው የተወሰደው ከአራት ቤቶች ነበር፤ ከአራት ብቻ። የእርሾው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ባነሰ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ይበልጣል) 3.5 ገደማ መሆኑንና ካንዲዳ ሚለሪ የተባለው የእርሾ ፈንገስ (ይስት) ዝርያ በሁሉም ናሙናዎች ውስጥ አይሎ መገኘቱን ያሳያል። ከአራት ቤት ጣሳ የተቀዳ ቢጫ ውሃ ዓለም አቀፍ መጽሔት ላይ ታትሟል! ለካ የጥናት ክብደት ከርእሱ ስፋት አይመጣም።

መምህሬ አራተኛውን ወረቀት አንብበው መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ ጥቅል የፒኤች ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

አራት ማሰሮዎች አዘጋጀሁ፤ ሁለቱ እርሾ የገባባቸው፣ ሁለቱ ያልገባባቸው። ከየዓይነቱ አንዱን እቤታችን ወለል ላይ፣ ሌላውን አምፖል ባበራሁበት ካርቶን ውስጥ አኖርኩ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ጤፉ ስላነሰኝ ሁለቱን ማሰሮ በነጭ፣ ሁለቱን በቀይ ጤፍ ነበር የሞላሁት፤ ልዩነት ቢታይ ከጤፉ ይሁን ከሙቀቱ በምን አውቃለሁ? ሁለተኛው ላይ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ካርቶኑ ቀዝቅዞ አደረ። ሦስተኛው ላይ ተሳካ። ርእሱ ትንሽ መሆኑ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። እንደገና መጀመር የጠየቀኝ ጥቂት ኪሎ ዱቄትና አራት ቀን ብቻ ነው። ያ ትልቁ ርእስ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ተሳስቼ ዓመቱ ባለቀ ነበር።

በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ወረቀቱን እየነከርኩ ቀለሙን አመሳከርኩ። ሙቀት ውስጥ ያለው ባለ እርሾ ማሰሮ ማንም እንደሚጠብቀው ቀድሞ ኮመጠጠ፤ ብርድ ላይ ያለው እርሾ የሌለው ደግሞ ከሁሉ ኋላ ቀረ። ያልጠበቅሁት ብርድ ላይ ያለውን ባለ እርሾ ነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ ሊጡ በደንብ መኮምጠጡን ያሳያል፤ ላዩ ላይ ግን አረፋ እምብዛም የለም፤ ኩፍ አላለም። መኮምጠጡና ኩፍ ማለቱ እኩል አይሄዱም ማለት ነው። እኔ አንድ ነገር መስለውኝ ነበር። አሲዱን በአብዛኛው የሚያመርቱት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ሊጡን በጋዝ በመንፋት ረገድ ደግሞ እንደ ካንዲዳ ሚለሪ ያሉት የእርሾ ፈንገሶች ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ብርዱ ሁለቱን እኩል አልያዛቸውም ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። «ይሆናል» የሚለውን ቃል መምህሬ ከሥሩ አሰመሩበት። በዚህ ጊዜ ግን ወደውት ነበር።

እናቴ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ አሸተተች። ማስታወሻዬን ሳላሳያት የትኛው ቀድሞ እንደቦካ በቅደም ተከተል ነገረችኝ፤ አንዱንም አልሳተችም። ብርድ ላይ የነበረውን ባለ እርሾ ስታይ «ይሄ አብሲት ካልገባበት ዓይን አያወጣም» አለች። ይህን ቃሏን እንዳለ ጽሑፌ ውስጥ አስገባሁት፤ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ወደፊት ሊጠና ይገባዋል ባልኩት ሥር። አብሲት ማለት ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ በስሎ ወደ ሊጡ የሚመለሰው ነው፤ የእርሾ ፈንገሶቹን ሥራ እንዴት እንደሚያነቃቃ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ይጀምር ብዬ ነው።

ታናሽ እህቴ በዚህ ዓመት የራሷን ርእስ ትመርጣለች። ባለፈው ክረምት እናቴ መሶቡን ከፍታ «ይኸው ደግሞ ከታች ያለው ነው ቀድሞ የሻገተው» ስትል ሁለታችንም እኩል ቀና አልን። ለእሷ ተውኩላት። አሁን ሁለት መሶብ መስኮቱ ሥር አስቀምጣ፣ በእያንዳንዱ እንጀራ መካከል ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሸጉጣ፣ ጠዋት ጠዋት እየከፈተች ትመዘግባለች።